ገዛነው ወይስ ተከራየነው?
የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ባለቤትነት ጉዳይ

ጽሑፌን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። መጽሐፍ ገዝታችሁ መደርደሪያችሁ ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ ሻጩ ሌሊት ገብቶ ቢወስደው፣ ገንዘባችሁን ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ትቶላችሁ ቢሄድ ምን ትላላችሁ? «ገንዘቤ ተመልሶልኛል» ብሎ ዝም የሚል ያለ አይመስለኝም። በኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ዓለም ግን ይህን የመሰለ ነገር በእርግጥ ተፈጽሟል።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ጉዳዩ እንዳስብ ያደረገኝን ላጫውታችሁ። ውጭ አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጥታ ስትመለስ አሮጌውን የመጽሐፍ ማንበቢያዋን ትታልኝ ሄደች። ውስጡ ሠላሳ ያህል መጻሕፍት ነበሩበት። ከእነሱ መካከል ስለ ዜና አጻጻፍ የሚያስተምር አንዱ ለኮርሳችን በጣም ስለጠቀመኝ ብዙ ቦታ አስምሬበት፣ ማስታወሻም ጽፌበት ነበር። ፈተና ሊደርስ ሲል ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄጄ ስከፍተው አንድም መጽሐፍ የለም! ደውዬ ስጠይቃት «ውይ ወንድምዬ፣ አዲስ ስለገዛሁ አሮጌውን ከአካውንቴ ላይ ሰረዝኩት እኮ» አለችኝ። እሷም መጻሕፍቱ አብረው ይጠፋሉ ብላ አላሰበችም። መልሳ ለማስመዝገብ የይለፍ ቃሏን ልትሰጠኝ ነበር፤ ነገር ግን አካውንቱ ከባንክ ካርዷ ጋር የተያያዘ ስለሆነ እኔው «ይቅር» አልኳት። ለካ የሰጠችኝ ዕቃውን እንጂ መጻሕፍቱን አልነበረም። እሷም ብትሆን ልትሰጠኝ የምትችለው አልነበረም።

«ግዢ» ሲባል ምን ማለት ነው?

የወረቀት መጽሐፍ ስንገዛ ሁለት ነገሮች ይለያያሉ። ድርሰቱን የማባዛት መብት የደራሲውና የአሳታሚው ነው። በእጃችን ያለው ወረቀት ግን የእኛ ነው፤ ልናውሰው፣ ልንሸጠው፣ ለልጅ ልናወርሰው እንችላለን። በአብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መደብሮች ደግሞ «ግዛ» የሚለውን ስንጫን የምናገኘው የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው። ይህም ማንም በማያነበው ረጅም ስምምነት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። «እስማማለሁ» የምንለው እሱን ነው።

ፈቃዱ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ቃልም አይደለም፤ ዲ.አር.ኤም. በሚባል ቴክኖሎጂ ይጠበቃል። አሠራሩ በቀላሉ እንዲህ ነው፤ ፋይሉ ተመስጥሮ፣ ማለትም ያለ ቁልፍ እንዳይነበብ ተደርጎ ይላካል። ቁልፉ ከገዢው አካውንትና ከተመዘገበ መሣሪያ ጋር የተሳሰረ ነው። ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጠን ለጓደኛ ብንሰጠው የእሱ መሣሪያ ቁልፉ ስለሌለው አይከፍተውም። መሣሪያው ከአካውንቱ ሲሰረዝም መጻሕፍቱ ይሄዳሉ። የእኔም ነገር የሆነው ይኸው ነው። ቁልፉን ሰብሮ መክፈት ደግሞ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ መሠረት፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ክልክል ነው። መጽሐፉን በገንዘቡ የገዛ ሰው እንኳ ቢሆን ማለት ነው።

ሁለት የታወቁ ታሪኮች

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2009 የሆነው ነው። አማዞን የተባለው ኩባንያ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» እና «የእንስሳት እርሻ» የተባሉትን መጻሕፍት ከደንበኞቹ ኪንድል ላይ በርቀት አጠፋቸው። ምክንያቱ ቅጂዎቹን መደብሩ ላይ ያቀረበው ድርጅት በአሜሪካ የመሸጥ መብት ያልነበረው መሆኑ ነው። ገንዘቡ ተመልሷል። የሚገርመው ግን «1984» መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ እሳት ውስጥ እየጨመረ ስለሚያጠፋበት ሥርዓት የሚተርክ ልብ ወለድ መሆኑ ነው። ሚሺጋን ውስጥ የሚኖር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለትምህርት ቤት ሥራ የያዘው ማስታወሻ ከጥቅም ውጪ ስለሆነበት ክስ መሠረተ። የኩባንያው ኃላፊ ጄፍ ቤዞስ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ጉዳዩም በ150,000 ዶላር በስምምነት አለቀ። ልብ በሉ፣ ኩባንያው የሌላውን ሰው መብት ላክብር ብሎ ነው ያደረገው። ችግሩ ያለው የሰው መደርደሪያ ውስጥ ገብቶ ማንሳት መቻሉ ላይ ነው።

ሁለተኛው የማይክሮሶፍት ነው። ኩባንያው የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ዘጋ፤ ከሐምሌ ወር ጀምሮም የተሸጡት መጻሕፍት መከፈት አቆሙ። እዚህም ገንዘብ ተመልሷል፤ ማስታወሻ ጽፈው ለነበሩት ደግሞ 25 ዶላር ተጨምሯል። ቢሆንም እንበልና ሜጋ ወይም ኩራዝ ያሳተመውን መጽሐፍ የገዛንበት ሱቅ ስለተዘጋ ቤታችን ያለው መጽሐፍ ገጹ አልገለጥ ይለናል? አይለንም።

ወረቀቱ ነፃነቱን ከየት አገኘ?

ነገሩ እንዲሁ በልማድ የመጣ አይደለም፤ ክርክር ተደርጎበታል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቦብስ ሜሪል የተባለ የአሜሪካ አሳታሚ «ይህን መጽሐፍ ከአንድ ዶላር በታች የሸጠ የቅጂ መብት እንደጣሰ ይቆጠራል» የሚል ይዘት ያለው ማሳሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ አተመ። ሜሲ የተባለው ትልቅ መደብር ግን በ89 ሳንቲም ሸጠው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 መደብሩን ደገፈ። አሳታሚው ቅጂውን አንዴ ከሸጠ በኋላ በቀጣዩ ሽያጭ ላይ ማዘዝ አይችልም አለ። ቤተ መጻሕፍት የሚያውሱት፣ የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎችም የሚሠሩት በዚህ «የመጀመሪያ ሽያጭ» በሚባል መርህ ነው።

ታዲያ መርሁ ለኮምፒውተር ፋይል ይሠራል ወይ? እስካሁን የተሰጠው መልስ ወደ «አይሠራም» ያደላል። ሪዲጂ የተባለ ድርጅት ሰዎች የገዙትን የሙዚቃ ፋይል መልሰው እንዲሸጡ ቢሞክርም ኒውዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከለከለው። ፋይል ሲተላለፍ አዲስ ቅጂ ይፈጠራል፣ ማባዛት ደግሞ የባለመብቱ ነው የሚል ነበር ምክንያቱ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019 ቶም ካቢኔት በተባለ የኔዘርላንድስ ድርጅት ጉዳይ ያገለገሉ የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን መሸጥ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል ብሏል። ቤተ መጻሕፍትም አልቀረላቸውም፤ ሃርፐር ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ እንዲያበቃና ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና እንዲገዙ ደንግጎ ነበር።

እኛን ምን አገባን?

«እኛ እንኳን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ፣ የወረቀቱንም መግዣ የለን» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን ለእኛ ዋጋው የሚበዛው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። እስቲ አስቡት፣ ያነበብናቸውን መጻሕፍት ስንቶቹን ነው አዲስ የገዛናቸው? የታላላቆቻችን፣ የጎረቤት፣ የአስተማሪ ናቸው። ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ በርካሽ የተገዙ፣ የመጀመሪያ ባለቤታቸው ስም በእስክርቢቶ የተጻፈባቸው ናቸው። በሳንቲም ተከራይተው ልብ ወለድ ያነበቡ መምህራን በዚሁ ትምህርት ክፍል አሉ። አንድ መጽሐፍ እዚህ አገር አሥርና ሃያ ሰው ያነበዋል። ቁልፍ ያለው መጽሐፍ ግን ከገዢው አካውንት አይወጣም፤ ለታናሽ አይተላለፍም።

በሌላ በኩል የደራሲውንና የአሳታሚውንም ወገን መስማት ተገቢ ነው። ፋይል በአንድ ደቂቃ ለሺህ ሰው ይደርሳል። የአማርኛ መጻሕፍት በፒ.ዲ.ኤፍ. ተቀርጸው በቴሌግራም ሲዞሩ ሁላችንም እናያለን፤ ደራሲው ከዚያ አምስት ሳንቲም አያገኝም። ስለዚህ ቁልፉ ያለ ምክንያት አልመጣም። የኔ ቅሬታ ግን ቁልፉ የሚያስቸግረው በዋነኛነት ከፍሎ የገዛውን ሰው መሆኑ ነው። የተሰረቀውን ቅጂ የያዘውማ ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቅም፤ መጽሐፉንም ማንም አያጠፋበትም።

ምን ይሻላል?

አንዳንድ ለውጦች አሉ። የካሊፎርኒያ ግዛት ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አውጥቷል። ሻጩ ሊወስደው የሚችለውን ዲጂታል ዕቃ «ግዛ» ብሎ ሲሸጥ፣ የሚሸጠው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ መናገር ይኖርበታል። ቶር የተባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አሳታሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ መጻሕፍቱን ያለ ቁልፍ እየሸጠ ነው። በአንጻሩ አማዞን በየካቲት 2025 ደንበኞች መጽሐፋቸውን ኮምፒውተር ላይ አውርደው በገመድ ወደ ኪንድል የሚያስተላልፉበትን አማራጭ አስቀርቷል። እንግዲህ መንገዱ አንድ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ ነው።

እኛ ተማሪዎች ልናደርገው የምንችለው ትንሽ ቢሆንም አለ። የቅጂ መብት ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን ከፕሮጀክት ጉተንበርግ በነፃና ያለ ቁልፍ ማውረድ ይቻላል። ዘመድ ከውጭ መጽሐፍ ልግዛልህ ሲለን ቁልፍ ያለበት መሆን አለመሆኑን ቀድመን እንጠይቅ፤ ለረጅም ጊዜ የምንፈልገው ከሆነ ወረቀቱ ይሻላል። ማስታወሻችንን ደግሞ ደብተር ላይ እንጻፍ። እኔ ይህን የተማርኩት ለፈተና በማላውቀው ምዕራፍ ገብቼ ነው።

በመጨረሻም ጋዜጠኛ ልንሆን ነውና ቃል ላይ እንጠንቀቅ። «ገዛ» የሚለውን ቃል አያቶቻችን የሚያውቁት «የራሱ አደረገ» በሚል ትርጉሙ ነው። የራስ ያልሆነውን ነገር «ተሸጠ» እያልን ዜና ከሠራን ስምምነቱን ሳያነብ «እስማማለሁ» ከሚለው ሰው አንሻልም። የአክስቴ ልጅ በቅርቡ የዚያኑ መጽሐፍ የወረቀት ቅጂ በሰው ልካልኛለች። ሽፋኑ ትንሽ ተጣጥፏል፤ ስሜን ጽፌበታለሁ። እኔ ስጨርሰው ማንበብ የሚፈልግ ካለ ይምጣና ይዋሰኝ።