ሕፃኑ ለምን አይንቀጠቀጥም?

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዳንግላ ዝቅ ብላ ብትገኝም የክረምቱ ዝናብና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እዚያም ቀላል አይደለም። በዚህ አየር ልጅ ሲወለድ አያቶች ቀድመው የሚሉት «እንዳይበርደው!» ነው። እውነታቸውን ነው። በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ግን አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኝ ነበር፦ «ትልቅ ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ልጅ ካልተንቀጠቀጠ ምኑ በረደው?»

መልሱ ቡናማ ስብ በሚባለው ነገር ላይ ነው። ሰውነታችን ሁለት ዓይነት ስብ አለው። ነጩ ትርፍ ምግብ የሚከማችበት ጎተራ ነው። ቡናማው ግን ምድጃ ነው፤ ስብና ስኳር አቃጥሎ ሙቀት ይሰጣል። ጨቅላ ሕፃን ይህን ስብ በትከሻዎቹ መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቶቹ ዙሪያ ይዞ ይወለዳል። ቆዳው ሲቀዘቅዝ ከአንጎል ትእዛዝ ይወርድና ምድጃው ይነድዳል። ልጁ የሚሞቀው በመንቀጥቀጥ ሳይሆን በዚህ ነው። ስለዚህ አለመንቀጥቀጡ አልበረደውም ማለት አይደለም።

ምድጃ ደግሞ ያለ ማገዶ አይነድድም። ብርዱ ከቆየበት ሕፃኑ ብዙ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ የደሙ ስኳር ይወርዳል፣ ይደክማል፣ ጡት መሳብ ያቅተዋል። ጡት ካልሳበ ማገዶ የለም፤ ማገዶ ከሌለ ሙቀት የለም። ሳይሞላው የተወለደ ልጅ የበለጠ ያሰጋል፤ ቡናማ ስብ በብዛት የሚጠራቀመው በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት ነውና።

ይህን ማገዶ በከንቱ የሚያስጨርሱ ሁለት ልማዶች አሉን። አንዱ ልጁን እንደተወለደ ገላውን ማጠብ ነው። እርጥብ ቆዳ ሙቀት ይሰርቃል። በቆዳው ላይ ያለው ነጭ ቅባትም ቆሻሻ አይደለም፣ መከላከያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የመጀመሪያው እጥበት ቢያንስ 24 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። እስከዚያው በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል።

ሁለተኛው ቅቤ ማዋጥ ነው። «ቅቤም ስብ አይደል? ያሞቀዋል» የሚሉ አሉ። የተዋጠ ቅቤ ቡናማ ስብ አይሆንም። ይልቁንም ጀርም ሊያስገባበትና ጡት የሚይዝበትን ጊዜ ሊያዘገይ ይችላል። የሕፃኑ ማገዶ እንገሩ ነው፤ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊያገኘው ይገባል። ቅቤው ለአራሷ ገንፎ ይሁን።

ከሁሉ የሚሻለው ማሞቂያ የእናት ደረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ የማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪም ኤድጋር ሬይ ያለጊዜያቸው የተወለዱትን ሕፃናት በእናቶቻቸው ገላ ላይ እንዲታቀፉ አደረጉ። ዛሬ «የካንጋሮ እንክብካቤ» ተብሎ በእኛም አገር ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ልጁ ራቁቱን፣ ኮፍያና ዳይፐር ብቻ አድርጎ ከእናቱ ቆዳ ጋር ይጣበቃል፤ ከላይ ጋቢ ይደረብለታል። እናት ከደከመች አባት ወይም አያት ይተካሉ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ግን መድኃኒት አይደለም፤ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዙ እናትንም ልጅንም ይገድላል።

እኛ ሽማግሌዎችስ? ቡናማ ስብ ከሕፃንነት በኋላ ይጠፋል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጡ ጥናቶች በአዋቂዎችም ላይ እንደሚሠራ አረጋግጠዋል። ብርድ ያነቃዋል፤ የሚያቃጥለው የቃሪያና የበርበሬ ንጥረ ነገርም በጥቂቱ ይቀሰቅሰዋል። «እንግዲያው ብርድ ላይ ተቀምጬ፣ ሚጥሚጣ በልቼ ልክሳ» የሚል ካለ ግን ይተወው። በአዋቂ ላይ መጠኑ ትንሽ ነው፤ በዕድሜም እየቀነሰ ይሄዳል። ብርድ ደግሞ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ለእኛ የሚሻለን ጋቢያችን ነው።

የልጅ ልጅ ሲወለድላችሁ ይህን አስታውሱ፦ የጤነኛ ጨቅላ የብብት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር ከሌለ እግሩንና ሆዱን በእጃችሁ ዳስሱ። እግሩ ብቻ ከቀዘቀዘ ወዲያው ደረት ላይ አድርጉት፣ ጡትም ይሰጠው። ሆዱም ከቀዘቀዘ፣ ወይም ጡት እንቢ ካለ፣ ወይም ከዛለ ንጋትን አትጠብቁ። በእናቱ ደረት ላይ እንደታቀፈ፣ በሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።