የተገዛ መጽሐፍ የማን ነው?

አርብ ገበያ ስሟ ራሱ የገበያ ስም ነው። በዚህች በታች ጋይንት ዋና ከተማም ሆነ በሌላው ያገራችን ገበያ ሁሉ አንድ የታወቀ ሥርዓት አለ፤ በግ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ገመዱን ከጨበጠ በኋላ በጉ የርሱ ነው። ቢያርደው፣ ቢያረባው፣ ለልጁ ቢሰጠው ሻጩን አያገባውም። ሻጩ ሌሊት መጥቶ በጉን ከበረት ፈትቶ ቢወስድ፣ ዋጋውን ከደጃፍ አስቀምጦ ቢሄድ እንኳ፣ ሌባ ከመባል አይድንም።

በመጽሐፍ ንግድ ግን ይህ ሥርዓት ዛሬ አጠራጣሪ ሆኗል። በስልክና በታብሌት የሚነበበው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ተቆልፎ ነው። ቁልፉ በዓይን አይታይም። ጽሑፉ በምስጢር ኮድ ይለወጥና፣ ሻጩ የፈቀደው ፕሮግራም ብቻ በገዢው ስም በተመዘገበ መሣሪያ ላይ እየፈታ ያስነብበዋል። ቅጂው ወደ ወዳጅ ስልክ ቢላክ አይከፈትም። የሽያጩ ውል በጥንቃቄ ሲመረመርም፣ ገንዘብ የተከፈለው ለመጽሐፉ ሳይሆን ለማንበብ ፈቃድ እንደ ሆነ ይገኛል። ፈቃድን ደግሞ የሰጠው ሊነሣው ይችላል።

ይህ ከንቱ ሥጋት አይደለም። በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. አማዞን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፣ የጆርጅ ኦርዌልን «1984» በርሱ በኩል ይሸጥ የነበረው ድርጅት መብት እንደሌለው ባወቀ ጊዜ፣ መጽሐፉን ከገዢዎች መሣሪያ ላይ በሩቁ ደመሰሰው። ገንዘባቸውን መለሰላቸው፤ ነገር ግን በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ሲይዝ የነበረ አንድ ተማሪ ድካሙ ከንቱ ስለ ቀረበት ክስ አቀረበ። የኩባንያው መሥራች ሚስተር ጄፍ ቤዞስም ኋላ ይቅርታ ጠየቁ። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ ሱቁን ሲዘጋ፣ የሸጣቸው መጻሕፍት አብረው ተዘጉ፤ በዚህም ጊዜ ለገዢው ዋጋው ተመለሰለት።

እስቲ ይህን ካገራችን ታሪክ ጋር እናመዛዝነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. እንደ ታተመ በደርግ ትእዛዝ ከገበያ ተሰበሰበ። አስቀድሞ ባንባቢ እጅ የገባው ቅጂ ግን በምስጢር ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ ዘመኑ ከተለወጠ በኋላም መጽሐፉ እንደ ገና ታተመ። ያን ጊዜ መጽሐፍ ለመንጠቅ ቤት ለቤት መዞር ያስፈልግ ነበር። ለተቆለፈው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አንድ ትእዛዝ ይበቃዋል።

በአርብ ገበያና በመሰሏ ከተሞች ላለ አንባቢ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የወረቀት መጽሐፍ ኩራዝ ካገኘ ይነበባል። የተቆለፈውን መጽሐፍ ግን ስልክ ተበላሽቶ በሌላ ስልክ ለመክፈት ቢፈለግ፣ ፈቃድ የሚመጣው በኢንተርኔት ነው፤ መስመር ከሌለ ፈቃድም የለም። ቁልፉ ድምፅ አውጥቶ የሚያነበውን ፕሮግራም የከለከለ እንደ ሆነም፣ ዓይነ ስውሩ ተማሪ በገንዘቡ የገዛውን መጽሐፍ ሊሰማ አይችልም።

ይሁን እንጂ የደራሲውን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም። ደራሲው ዓመታት ደክሞ፣ የማተሚያውን ዋጋ ብዙ ጊዜ ከራሱ ኪስ ከፍሎ ያወጣው መጽሐፍ ፒዲኤፍ ሆኖ በቴሌግራም በነጻ ሲዞር ያያል። ይህ ስርቆት ነው። የ1996ቱ አዋጅ ቁጥር 410 የደራሲውን የገንዘብ ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞቱም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። አዋጁ ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማውጣትን ቢፈቅድም፣ መጽሐፍን በሙሉ ፎቶ ኮፒ ማድረግን አይጨምርም። «ደመወዜ ትንሽ ነው» የሚል ጸሐፊም፣ የደራሲው ደመወዝ ያ መጽሐፍ መሆኑን ሊያስብ ይገባዋል።

ነገር ግን በቴሌግራም ከሚዞሩት ያማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከወረቀት ላይ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ የተነሡ ናቸው። እነዚህን የኤሌክትሮኒክ ቁልፍ አይከለክላቸውም። በነጻ የወሰደው ሰው ያለ አንዳች ቁልፍ ያነባል፤ ከፍሎ የገዛው ግን ይታሰራል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

አባቶቻችን ለመጽሐፍ ሌላ ዓይነት ጥበቃ ነበራቸው። በዚያው በጋይንት በሚገኘው በቤተልሔም፣ በድጓው ምስክር ቤት፣ ተማሪ ድጓውን በገዛ እጁ ጽፎ መማሩ የቆየ ልማድ ነው፤ መቅዳት የትምህርቱ ክፍል እንጂ ወንጀል አልነበረም። በብራና መጽሐፍ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል፤ የሚሰርቀውና የሚፍቀው ሰውም ይወገዛል። ውግዘቱ በሌባው ላይ እንጂ በአንባቢው ላይ አልነበረም።

ይህን የመሰለ ዘዴ ዛሬም ይሠራል። በ2012 እ.ኤ.አ. የሃሪ ፖተር መጻሕፍት በኤሌክትሮኒክ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ከቁልፍ ይልቅ ገዢውን የሚያሳውቅ ምልክት በያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ ገባ። አደባባይ የጣለው ቢኖር ምልክቱ ያጋልጠዋል፤ ጨዋው ገዢ ግን በወደደው መሣሪያ ያነባል። በዚያው ዓመት ቶር የተባለው አሳታሚ ቁልፉን ከመጻሕፍቱ ላይ አነሣ፤ ከዓመት በኋላም ስርቆቱ በሚታይ መጠን እንዳልጨመረ አስታወቀ።

ስለዚህ ያገራችን አሳታሚዎች ገና ከመንገዱ መጀመሪያ ላይ ሳሉ ቢያስቡበት መልካም ነው። በመጽሐፉ ላይ የገዢው ስም ይጻፍበት፤ በሌባውም ላይ ሕጉ ይፈጸምበት። የከፈለ ሰው ግን መጽሐፉን በስልኩ ሁሉ እንዲያነበው፣ ለወንድሙ እንዲያውሰው፣ ለልጁም እንዲያወርሰው ይፈቀድለት። እኛም አንባቢዎች ቁልፉ ይነሣልን ስንል፣ ወዳጃችን የላከልንን የተሰረቀ ፒዲኤፍ ለሌላው አለማስተላለፍን መልመድ አለብን። ባለንብረት ልሁን የሚል ሰው የሌላውን ንብረት ማክበር ይገባዋልና።