«ሊብሬው ንጹሕ ነው»፦ የመኪና ግዢ ተረትና እውነታ

ሦስት የሥራ ባልደረቦች አሉ እንበል። አንዱ የፈረቃ ተቆጣጣሪ፣ አንዱ የመጋዘን ሠራተኛ፣ ሦስተኛው ኤሌክትሪሺያን። የዕቁብ ብራቸውንና ቁጠባቸውን አንድ ላይ አድርገው ያገለገለ ሚኒባስ ሊገዙ ተነሥተዋል፤ ሐሳባቸው ጠዋትና ማታ ወደ መቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ማመላለስ ነው። ደላላው ከሻጩ በላይ ይምላል። «ሓወይ፣ ሊብሬው ንጹሕ ነው፣ የቦሎው ጊዜ አላለፈም፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ዛሬ ካልያዝከው ነገ አታገኘውም።»

ነገ አይገኝም የሚለው እንኳ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። መንግሥት በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ያገለገለ መኪና የያዘ ሰው ዕቃው በተኛበት ዋጋ ይጨምርለት ጀመር። በዚህ ላይ መቐለ የራሷ ታሪክ አላት። በሐምሌ 2009 የተመረቀው ፓርክ ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት እንደሠራ በጥቅምት 2013 ጦርነት መጣ፤ ፋብሪካዎች ቆሙ፣ ንብረት ተዘረፈ፣ ተሽከርካሪም ከእጅ ወደ እጅ ያለ ወረቀት ዞረ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም ሰላም መጣ እንጂ የየመኪናው ወረቀት አብሮ አልተስተካከለም። ስለዚህ እዚህ ከተማ መኪና የሚገዛ ሰው ከሌላው ይልቅ ጥቂት ቀን ቢዘገይ አልፈርድበትም።

የእኛ ሕግ ገዢው ከመፈረሙ በፊት እንዲህ እንዲህ ያድርግ ብሎ ረጅም ዝርዝር አያወጣለትም። ይልቅስ ሊያየው ሲችል ሳያይ የቀረውን ነገር ጉዳት በራሱ ላይ ይጥላል።

«ሊብሬ ካለው መኪናው የሱ ነው»

ሊብሬ የመኪናው መታወቂያ ነው። የሰው መታወቂያ ባለቤቱ ዕዳ እንዳለበት እንደማይናገር ሁሉ፣ ሊብሬም ትናንት ከፍርድ ቤት የተጻፈውን እገዳ አይናገርም። እገዳው የሚገኘው ከፋይሉ ነው፤ ፋይሉ ደግሞ መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል። ታርጋው «አአ» የሚል መኪና መቐለ ላይ ዋጋው ቢቆረጥም ፋይሉ ያለው አዲስ አበባ ነው። ባንክ በመያዣ የያዘው፣ ባልና ሚስት የተካሰሱበት፣ ግብር ያልተከፈለበት መኪና ሁሉ ሊብሬው ያምራል። ከአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ወዲህ ደግሞ በሚንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚሰጥ ዋስትና የሚመዘገብበት መዝገብ በብሔራዊ ባንክ በኩል ተቋቁሟል። በዋስትና የተያዘ ንብረት ቢሸጥም ዋስትናው ንብረቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ አበዳሪው የሚፈልገው መኪናውን እንጂ የተሸጠበትን ታሪክ አይደለም።

የተሰረቀ መኪና ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተንቀሳቃሽ ዕቃ በቅን ልቦና ገዝቶ የተረከበን ሰው በመርህ ደረጃ ይጠብቃል። የተሰረቀ ዕቃ ግን ከዚህ ጥበቃ ውጭ ነው፤ እውነተኛው ባለቤት ከገዢው እጅ ሊያስመልሰው ይችላል። በጦርነቱ ጊዜ መኪናው የተወሰደበት ሰው ዛሬ ታርጋውን ቢያገኝ የገዢው «እኔ ገዝቼው ነው» የሚል መልስ አያግደውም። ስለዚህ ቦኔት ከፍቶ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ነው። ቁጥሩ የተፋቀ ወይም በብየዳ የተነካካ ከመሰለ፣ ዋጋው ምን ቢረክስ እዚያው ትቶ መሄድ።

«ውልና ማስረጃ ያየዋል እኮ» የሚልም አለ። እውነት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት ሰነድ አረጋጋጩ ሻጩ ባለቤት መሆኑንና ንብረቱ በመያዣ ወይም በእገዳ አለመያዙን ማጣራት አለበት። ግን እሱ የሚያየው ወረቀት ነው እንጂ መኪናው ሥር አይተኛም። የመጣለት ወረቀት ሐሰተኛ ከሆነ፣ ማኅተሙ ሐሰተኛውን ወረቀት እውነት አያደርገውም።

«ፈረንጅ የነዳው ነው፣ ከፋብሪካ የወጣ»

ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለበት ከተማ ይህ አባባል መኪና ያሸጣል። ፈረንጅ የነዳው መኪና በጥንቃቄ የተያዘ ነው የሚለው እምነት እንኳ ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል፤ እኔ የማውቃቸው አንዳንድ ፈረንጆች ኮረብታ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አይለቁም። ትልቁ ጉዳይ ግን ቀረጡ ነው።

በኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠራ ባለሀብት ከሚያገኛቸው ማበረታቻዎች አንዱ ማሽንና መለዋወጫ፣ በተፈቀደለት መጠንም ተሽከርካሪ ከቀረጥ ነፃ ማስገባት ነው። መብቱ የተሰጠው ለባለሀብቱና ለሥራው ነው፤ ለመኪናው አይደለም። ተመሳሳይ መብት ላለው ሌላ ባለሀብት ማስተላለፍ ይቻላል። መብቱ ለሌለው ሰው ለመሸጥ ግን መጀመሪያ ቀረጡና ታክሱ ተሰልቶ ለጉምሩክ መከፈል አለበት። ሳይከፈል የተላለፈ መኪና ሊወረስ ይችላል፤ ሻጩም ገዢውም በጉምሩክ ሕግ ሊጠየቁ ይችላሉ። ደላላው «ከገበያ ዋጋ በግማሽ» ሲል ግማሹ የተቀነሰው ከሻጩ ደግነት ላይሆን ይችላል። ያ ግማሽ ያልተከፈለው ቀረጥ ሊሆን ይችላል፤ ቀን ቆጥሮም ገዢውን ይጠብቀዋል። ስለዚህ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን መጠየቅ፣ ሊብሬው ላይ «ከቀረጥ ነፃ» የሚል ካለ ደግሞ ቀረጡ የተከፈለበትን የጉምሩክ ደረሰኝ ሳያዩ ብዕር አለማንሣት ነው።

መቐለ ላይ ይህ ተራ ጥንቃቄ አይደለም። ጦርነቱ ፋብሪካዎቹን ከዘጋ በኋላ ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ከአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ተሰረዘች፤ ልብስ ሰፍቶ ወደ አሜሪካ ለሚልክ ድርጅት ይህ ሁለተኛ ምት ነበር። ድርጅት ሥራ አቁሞ ሲሄድ ጥበቃና ሹፌር ይቀራሉ፤ የመኪናው ቁልፍም እነሱ ጋ ይቀራል። ቁልፍ የያዘ ሁሉ ግን የመሸጥ ሥልጣን የለውም። የድርጅት መኪና ሲሸጥ የሚፈርመው በመመሥረቻ ጽሑፉ ወይም በውክልና ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ሥልጣኑን የሚያሳየውን ሰነድ፣ አስፈላጊ ከሆነም የባለአክሲዮኖች ወይም የቦርድ ቃለ ጉባኤ መጠየቅ የገዢው ፋንታ ነው። የድርጅቱ ክብ ማኅተም ብቻውን ማንንም ሥራ አስኪያጅ አያደርግም።

«ስም ማዛወር ይቆይ፣ ውክልና ይበቃል»

በአገራችን መኪና ገበያ ላይ እንደዚህ ሥር የሰደደ ልማድ የለም። ሻጩ «ሙሉ ውክልና» ይሰጣል፣ ገዢው ይከፍላል፣ መኪናው ለዓመታት በሻጩ ስም ይሄዳል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ የስም ዝውውር ክፍያ ለመቆጠብ፣ ወይም ለሌላ ሰው ቶሎ ለመሸጥ።

ውክልና ግን ሽያጭ አይደለም። ወካዩ በፈለገው ቀን ሊሽረው ይችላል፤ ወካዩ ሲሞት ደግሞ በመርህ ደረጃ ይቋረጣል። ሞት ያልጎበኘው ቤት ባልቀረበት ከተማ ይህ ለማንም ሩቅ ወሬ አይደለም። ከጦርነቱ በፊት በውክልና መኪና የገዛ ሰው፣ ወካዩ ሞቶ ከሆነ፣ ዛሬ ፊት ለፊቱ የሚቆሙት ወራሾቹ ናቸው። ወራሾቹ የሽያጩን ነገር አያውቁ ይሆናል፤ ማወቅም አይፈልጉ ይሆናል። በእጁ የሽያጭ ውል ካለው ይከራከራል። ውክልና ብቻ ካለው ግን ስለ አንድ የሞተ ሰው ፈቃድ የሚናገር ያበቃለት ወረቀት ይዟል።

ሌላም አለ። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና መኪና ለመሸጥ አይበቃም፤ መሸጥና ስም ማዛወር የሚሉ ቃላት በግልጽ መግባት አለባቸው። ተወካዩ መኪናውን ለራሱ ሸጦ ለራሱ ከገዛም ወካዩ ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል።

ጉዳቱ በገዢው ላይ ብቻ አይደለም፤ ሻጭም ይህን ቢሰማ ይበጀዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ። ከዓመት በፊት «የሸጠው» ሚኒባስ ሰው ቢገጭ፣ ተጎጂው መጀመሪያ የሚያገኘው ስም ሊብሬው ላይ ያለውን ነው። የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሆኖ ሳለ ገዢው ሳያሳድሰው ቀርቶ ከሆነማ ካሣው ከሻጩ ኪስ ሊወጣ ይችላል።

«ቀብድ ከበላ አልሸጥም ማለት አይችልም»

ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድን ውል ለመደረጉ ማስረጃ ያደርገዋል፤ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ ሁለቱም ወገኖች ውሉን ሊተዉት ይችላሉ። ቀብድ የሰጠው ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ዋጋ በየሳምንቱ በሚዘልበት ጊዜ ይህ ስሌት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ገዢ 20,000 ብር ቀብድ ሰጠ። በሳምንቱ ሌላ ሰው 150,000 ብር ጨምሮ መጣ። ሻጩ 40,000 ብር መልሶ 130,000 ብር ያተርፋል፣ ሕግም አልጣሰም። ስለዚህ ትንሽ ቀብድ ለሻጩ ርካሽ መውጫ በር ናት። በሩን መዝጋት የሚፈልግ ገዢ ውሉ ላይ «ይህ ቅድሚያ ክፍያ ነው፣ ቀብድ አይደለም» ብሎ ያጽፋል፤ ውሉን ላፈረሰ ወገን ጠንከር ያለ መቀጫም ያስገባል። ቃል ብቻ አይረዳም፤ ደላላው «እኔ ምስክር ነኝ» ቢልም ኮሚሽኑ የሚታሰበው ከየትኛው ሽያጭ እንደሆነ አይረሳ።

«ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው»

ሁሉም የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ነውርም ጥፋትም አይመስልም። የግብር ሕጉን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ፣ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል የጸና ማስረጃ ነው፤ በጽሑፍ የሰፈረውን በምስክር ማስተባበልም ሕጉ አይፈቅድም። መኪናው የሌላ ሰው ሆኖ ተገኝቶ ውሉ ቢፈርስ ገዢው የሚጠይቀው የከፈለውን ነው፤ ማስረጃው የሚናገረው ግን የተጻፈውን ነው። ልዩነቱ በቦርሳ የተሰጠ ከሆነ ጠፋ። ሙሉውን ጽፎ፣ ሙሉውን በባንክ ከፍሎ፣ ሁለት ምስክር አስፈርሞ ማደር ይሻላል።

«ሜካኒክ አይቶታል፣ እንዳለ ነው የሸጥኩት»

ቦሎ መኪናው በምርመራው ቀን ማለፉን እንጂ ሞተሩ ዓመት መቆየቱን አይናገርም። ገዢ ያወቀውን ጉድለት በኋላ ሊከስበት አይችልም። በተረከበ ጊዜ ቶሎ መርምሮ ያገኘውን ለሻጩ ሳይዘገይ፣ ቢቻል በጽሑፍ፣ ማሳወቅ አለበት። «እንዳለ» የምትለዋ ቃል ግን ሻጩን የምታድነው እያወቀ በተንኮል ያልደበቀ እንደሆነ ነው። የተገለበጠ መኪናን ቀለም ቀብቶ «እንዳለ» ማለት መከላከያ አይሆንለትም።

«በአንዳችን ስም ይሁን፣ እንተማመናለን»

ወደ ሦስቱ ባልደረቦች እንመለስ። ሻጩን መርምረዋል፣ ፋይሉን አይተዋል፣ ባለትዳር ከሆነም የሚስቱን ስምምነት ጠይቀዋል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ የሚያወጣ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ትግራይ የራሷ የቤተሰብ ሕግ ያላት ክልል ናት፤ ስለዚህ ጋብቻው የሚገዛበትን ሕግ መጠየቅም ነበረባቸው። ታርጋውም ኮድ 2 ሳይሆን ኮድ 3 እንዲሆን፣ የማመላለሻ ፈቃዱም እንዲወጣ አስበውበታል፤ የግል ታርጋ ለጥፎ በክፍያ ሠራተኛ ማመላለስ አይቻልምና።

በመጨረሻ ሊብሬው በኤሌክትሪሺያኑ ስም እንዲሆን ተስማሙ፤ ጉዳይ ለማስፈጸም እሱ ይቀናዋል። የቀሩት የሁለቱ ድርሻ በቃል ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ግን ባለትዳር ነው፤ የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ደግሞ በጋብቻ ዘመን የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ይላል። ነገ ፍቺ ቢመጣ ሚኒባሱ በባልና ሚስት ንብረት ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ባንክ ወይም ሌላ ገንዘብ ጠያቂ በኤሌክትሪሺያኑ ላይ ቢያስፈርድበትም እገዳው የሚያርፈው ስሙ ባለበት ታርጋ ላይ ነው። ያን ጊዜ የመጋዘን ሠራተኛውና የፈረቃ ተቆጣጣሪው ሦስት ዓመት የጣሉትን ዕቁብ የሚያስረዱት በምንድን ነው? የሦስቱንም ስምና ድርሻ የያዘ ሁለት ገጽ ውል፣ ከግዢው ውል ጋር በአንድ ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ሊፈርሙት ይችሉ ነበር።