ካርዳችሁ የት ነው?
ስለ ሕሙማን መዝገብ አያያዝ



በጅቡቲ ከተማ መካከል የሚገኘውን አደባባይ እኛም የአገሩም ሰው ሜኔሊክ እንለዋለን። በመንግሥት ወረቀት ላይ ግን የነፃነቱን ቀን ይዞ የጁን 27 ቀን 1977 አደባባይ ይባላል። ባለ ታክሲው በሁለቱም ስም ቢጠሩለት ያደርሳል። በሆስፒታል መዝገብ ቤት ግን ሁለት ስም ያለው አንድ ሰው እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ነው።

በአገራችን ሐኪም ቤት ስንሄድ መጀመሪያ «ካርድ እናወጣለን»። ካርድ ክፍሉ ስምና ዕድሜ መዝግቦ ቁጥር ይሰጣል፤ ምርመራው የሚጻፍበት ትልቁ ማኅደር እዚያው መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ በእጃችን የምንይዘው ቁጥሩ ያለበትን ትንሽ ካርድ ብቻ ነው። ቁጥሩም ከዚያ ግቢ ውጭ አይሠራም፤ በጥቁር አንበሳ የወጣ ካርድ በየካቲት 12 አያገለግልም። በጅቡቲ ግን እንደ ፈረንሳዮች ልማድ ካርኔ የሚሉት ደብተር ለሕመምተኛው ይሰጣል። ሐኪሙ ይጽፍበታል፤ የሚያስቀምጠው ባለቤቱ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስላልለመድን ካርኔውን እንደ ደረሰኝ ቆጥረን እንጥለዋለን፤ ወይም ሕፃን ይጫወትበታል። ከጠፋ ግን ሌላ ቅጂ ላይኖረው ይችላል።

ወደ ስም እንመለስ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የዚህ አገር ቅጽ ግን የቤተሰብ ስምና የግል ስም ይጠይቃል። አንዱ ጸሐፊ የአባታችሁን፣ ሌላው የአያታችሁን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይጽፈዋል። የላቲኑ ፊደል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ በቲ፣ ሌላው በኤስ ይጀምረዋል። ማኅደሩ በቲ ረድፍ ተቀምጦ በኤስ ረድፍ ቢፈለግ አይገኝም፤ አዲስ ማኅደር ይከፈታል፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማችሁ የተጻፈው በአሮጌው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ በስደተኛ መታወቂያችሁ ላይ ያለውን አጻጻፍ፣ ስሕተት ቢመስላችሁም እንኳ፣ ሳትለውጡ በየቦታው ተጠቀሙ። ስሕተቱን ማሳረም ካስፈለገ መጀመሪያ መታወቂያው ላይ ይታረም።

የዘመን አቆጣጠርም ልብ ይባል። በጥር 2012 የተወለደ ልጅ በእነርሱ አቆጣጠር የ2020 ልጅ ነው። እናት «2012» ብላ ብታስመዘግብ በወረቀት ላይ ልጅዋ ስምንት ዓመት ታረጃለች። ለሕፃናት መድኃኒት የሚመጠነው በክብደትና በዕድሜ ስለሆነ ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ሁለት ወረቀቶች አይጥፉባችሁ። አንደኛው የክትባት ካርድ ነው። የቢ.ሲ.ጂ. ጠባሳ ክንድ ላይ ይቀራል፤ የኩፍኝ ክትባት ግን ምልክት አይተውም። ካርድ የሌለው ልጅ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ እንደገና ይከተባል፤ በአብዛኛው ጉዳት የለውም፤ ጩኸቱ ግን የልጁ ነው። ሁለተኛው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ካርድ ነው። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት፣ በቀሩት አራት ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይወሰዳል። በሦስተኛው ወር ቦታ የለወጠ ሰው ካርዱን ካላሳየ አዲሱ ሐኪም የት እንደደረሰ በምን ያውቃል? መድኃኒቱ ከተቋረጠ ደግሞ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምድና የማይበገር ይሆናል። ወደ ፔልቲየር ሆስፒታል ሪፈር የተጻፈለትም ሰው ሲመለስ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል፤ አለዚያ የመጠለያው ነርስ እዚያ የተደረገውን አያውቅም።

«ደዌዬ ተጽፎ ከተገኘ ወደ ሦስተኛ አገር አልሄድም» የሚል ሥጋት በመካከላችን አለ። በዚህ ፍርሃት በሽታቸውን የሚሸሽጉ አሉ። የሳንባ ነቀርሳ የተገኘበት ሰው ታክሞ እስኪድን ጉዞው ይዘገያል እንጂ በዚህ ብቻ አይሰረዝም። አሜሪካም ኤች.አይ.ቪ. ያለባቸውን ሰዎች እንዳይገቡ ትከለክልበት የነበረውን ደንብ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2010 አንስታለች። የሕክምና ምሥጢር መጠበቅ የሐኪሙም የነርሱም የካርድ ክፍሉም ግዴታ ነው። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። ፈረንሳይኛ ወይም ሶማልኛ ስለምታውቁ ለእናቶቻችሁ አስተርጓሚ ሆናችሁ ትገባላችሁ። እዚያ ክፍል የሰማችሁት ሁሉ የእናታችሁ ነው፤ ለጓደኛ አይነገርም። እናንተም እናቶች፣ ለልጅ የማይነገር ጉዳይ ካላችሁ ትልቅ ሰው እንዲያስተረጉምላችሁ ጠይቁ።

ከስማችን ተነጥሎ ወደ ላይ የሚሄድ ነገርም አለ፤ እርሱም ቁጥር ነው። በየጊዜው ስንት ሰው ተቅማጥ፣ ስንት ሰው ወባ እንደያዘው ይደመራል። ጅቡቲ ወባን ለማጥፋት ተቃርባ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የተመዘገበው 27 ሕመምተኛ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ግን ከእስያ የመጣች፣ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ በከተማይቱ ተገኘች። በ2020 ሕመምተኛው ከ70 ሺህ በላይ ደረሰ። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ በቤት በርሜልና በውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ይህ ሁሉ የታወቀው ትንኟን ከያዙት ተመራማሪዎችና ከየጤና ጣቢያው መዝገብ ነው። እንግዲህ ነርሷ «በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከተማ አድረሃል ወይ?» ብላ ስትጠይቅ የምትፈልገው ትንኟ የት እንደነከሰችህ ነው። ሜኔሊክ አካባቢ ሥራ ፍለጋ ሰንብተህ ከሆነም ያንኑ ንገራት።