በቤትዎ ስንት ድምፅ አለ?

ጠዋት ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ቆም ብለው ያዳምጡ። ከቀላል ባቡሩ የሚወርደው ሠራተኛ፣ ለታክሲ የተሰለፈችው እናት፣ ወደ ተግባረ ዕድ የሚጣደፈው ተማሪ፣ አብዛኛው ወሬያቸው ስለ ኑሮ ነው። የቤት ኪራይ፣ የዘይት ዋጋ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ይነሳል፣ ይጣላል። ጨዋታው ወደ ምርጫ ሲዞር ግን ድምፅ ዝቅ ይላል። "እሱን እንኳ ተወው" ይባልና ወሬው ይለወጣል። የሚገርመው ግን ሲያማርሩባቸው ከቆዩት ጉዳዮች ብዙዎቹ የሚወሰኑት በምርጫ በሚሞሉ ወንበሮች ላይ ነው።

ይህ ጽሑፍ ማንን እንደሚመርጡ አይነግርዎትም። እሱ የእርስዎ ጉዳይ ነው። የምንነጋገረው የምርጫ ወቅት ሲመጣ እንዴት እንደሚወስኑ፣ ከቤተሰብዎ ጋርም ሳይቀያየሙ እንዴት እንደሚወያዩበት ነው።

ዝምታው ከየት መጣ?

ብዙዎቻችን ስለ ምርጫ ዝም ማለትን የተማርነው ከቤት ነው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ በነቂስ ወጥታ መርጣለች። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ቤተሰብ እንደ ኳስ ጨዋታ ተሰብስቦ ይከታተል ነበር። ንብ የማን ምልክት እንደሆነ፣ ሁለት ጣት ማንሳት ምን ማለት እንደሆነ ልጆች ሳይቀሩ ያውቁ ነበር። ቅንጅት አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት ያላትን 23 መቀመጫ በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ያየ አይረሳውም። በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በተፈጠረው ግጭት ወደ 200 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ ብዙ ወጣቶችም ታሰሩ። ልጃቸውን ፍለጋ ከአንዱ ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሌላው የተንከራተቱ ወላጆች "አርፈህ ትምህርትህን ተማር" የሚለውን ምክር ያወረሱት ከፍቅርና ከፍርሃት ነው። ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም።

ነገር ግን በዚያ ዓመት ገና ያልተወለዱ ልጆች ዛሬ የመምረጥ ዕድሜ ላይ እየደረሱ ነው። ሕገ መንግሥቱ 18 ዓመት ለሞላው ዜጋ የመምረጥ መብት ይሰጣል። እነዚህ ልጆች ዝምታችንን ያውቁታል እንጂ ምክንያቱን አያውቁትም። ቤት ውስጥ ካልነገርናቸው ቲክቶክ ይነግራቸዋል፤ የሚነግራቸውም እኛ በምንፈልገው መንገድ ላይሆን ይችላል።

ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ጥያቄ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የአዲስ አበባ ነዋሪ ለሁለት ምክር ቤቶች በአንድ ቀን ድምፅ ሰጥቷል፤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለከተማው ምክር ቤት። ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሣ የመዝጊያው ሰዓት ከምሽቱ 12 ወደ 3 ሰዓት ተራዝሞ ነበር። ያን ያህል ቆሞ የደከመ ሰው አንዱን ምልክት በሁለቱም ወረቀት ላይ ፈልጎ ቶሎ መጨረስ ቢፈልግ አይገርምም። የሁለቱ ምክር ቤቶች ሥራ ግን አንድ አይደለም።

የተወካዮች ምክር ቤት የአገሪቱን ሕግና በጀት ያጸድቃል። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከደመወዝ ላይ ግብር የማይነካው የወር ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ እንዲል የወሰነው ይኸው ምክር ቤት ነው። ያ ውሳኔ በደመወዝ ወረቀትዎ ላይ ይታያል። የከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከንቲባውን ይመርጣል፤ የከተማውን በጀት ያጸድቃል፤ የመሬት፣ የቤት፣ የትራንስፖርትና የውኃ ጉዳይም በዋናነት በእሱ ሥር ባለው አስተዳደር እጅ ነው።

ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት አንድ ወረቀት ይውሰዱና ለሁለት ይክፈሉት። በአንደኛው ወገን ከአገሪቱ የሚፈልጉትን ይጻፉ፤ ሰላም፣ ግብር፣ የኑሮ ውድነት፣ የፍትሕ ጉዳይ። በሌላው ወገን ከከተማዋ የሚፈልጉትን፤ የልጅዎን ትምህርት ቤት፣ የሰፈርዎን ውኃ፣ ጠዋት የሚጠብቁትን ታክሲ። ከዚያ በየወገኑ ከሁሉ የሚበልጥብዎትን አንዱን ጉዳይ ያክብቡበት። እጩዎችን ሲያዳምጡ ጥያቄዎ እሱ ይሁን። ለሁለቱ ምክር ቤቶች የሚሰጡት መልስ የአንድ ፓርቲ ሊሆን ይችላል፤ የሁለት ሊሆንም ይችላል።

ሁለተኛ የወጣ ምን ያገኛል?

በአገራችን የምርጫ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ ማግኘት የለበትም፤ በአንድ ድምፅ መብለጥ ይበቃዋል። ሁለተኛ የወጣው ምንም አያገኝም።

ለንደን ዘመድ ካለዎት እዚያም ነገሩ እንዲሁ መሆኑን ይነግርዎታል። እ.ኤ.አ. በ2024 በተደረገው የብሪታንያ ጠቅላላ ምርጫ ሌበር ፓርቲ 34 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ650 መቀመጫዎች 411ዱን ወሰደ። በዚህ ምክንያት እዚያ ያለ መራጭ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው በአንድ ጥያቄ ነው፦ "ልቤ የወደደውን ልምረጥ ወይስ የማልፈልገውን ማሸነፍ የሚችለውን?"

የእኛም ከተማ የዚህን ሥርዓት ጠባይ አይታለች። በ1997 ዓ.ም. 23ቱንም መቀመጫ ለተቃዋሚ የሰጠችው አዲስ አበባ በ2002 ዓ.ም. 22ቱን ለኢሕአዴግ ሰጠች። የቀረችውን አንዷን ያገኙት የመድረኩ አቶ ግርማ ሰይፉ 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ ሆኑ። ለምን እንዲህ ሆነ ቢሉ ገዥው ፓርቲና ተቃዋሚዎች የሚሰጡት ምክንያት ለየቅል ነው። የቆጠራው ሥርዓት ግን የራሱ ድርሻ አለው፤ ትንሽ ብልጫን ትልቅ ድል፣ ብዙ ሺህ ድምፅን ባዶ እጅ ያደርጋል።

ይህ ለእርስዎ ምን ማለት ነው? አንደኛ፣ ውሳኔዎ የሚቆጠረው በምርጫ ክልልዎ ውስጥ ነውና በክልልዎ የሚወዳደሩትን ሰዎች በስማቸው ይወቋቸው፤ የግል ተወዳዳሪዎችንም ጭምር። የፓርቲውን መሪ በቴሌቪዥን ማየት ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ፣ ልብዎ የወደደውን መምረጥም፣ ሊያሸንፍ የሚችለውን አስልቶ መምረጥም ሁለቱም ሕጋዊና ክቡር ውሳኔ ነው። የትኛውን እያደረጉ እንደሆነ ግን ለራስዎ ግልጽ ይሁን። ሦስተኛ፣ እጩውን "ከፓርቲህ ጋር ባትስማማ ምን ታደርጋለህ?" ብለው ይጠይቁት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዢ ነው ይላል። መልሱ ብዙ ይነግርዎታል።

ሰፈር የቀየሩ ቤተሰቦች

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ለዘመናት አብረው የኖሩ ጎረቤቶች በየአቅጣጫው ተበተኑ። ኪራይ ጨምሮበት ወደ ከተማዋ ዳር የሄደው ቤተሰብም ጥቂት አይደለም። ልብዎ አሁንም ከድሮው ዕድርና ከድሮው ሰፈር ጋር ሊሆን ይችላል። በምርጫ ሕጉ ግን መራጭ ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ያስፈልጋል። ስለዚህ ቤት ከቀየሩ የመኖሪያ ማስረጃዎ የቱን ሰፈር እንደሚናገር ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ይመልከቱ። የአዲሱን ሰፈር እጩዎችም እንደ አዲስ ማወቅ ይኖርብዎታል። ትራንስፖርት የራቀበት፣ ትምህርት ቤት የሞላበት ሰፈር የራሱ ጥያቄ አለው፤ ያንን ጥያቄ የሚያነሳው ደግሞ አዲሱ ነዋሪ ነው።

ገበታው ላይ

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ባልና ሚስት፣ አባትና ልጅ የተለያየ ፓርቲ ቢመርጡ ቤት አይፈርስም። የሚያፈርሰው ማስገደድና መናናቅ ነው። ስለዚህ እሑድ ከምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ ጥያቄው "ማንን ትመርጣለህ?" አይሁን። "የትኛው ጉዳይ ያሳስብሃል?" ይሁን። የመጀመሪያው ጥያቄ ወገን ያስለያል፤ ሁለተኛው ያነጋግራል። መጀመሪያ ትንሹ ይናገር፤ አባት ቀድሞ ከተናገረ ሌላው መልስ ሳይሆን ይሁንታ ነው የሚሰጠው። የሰማችሁትን ወሬ ስታነሱም ከየት እንደመጣ ተጠያየቁ። በስልክ የተላከ ሁሉ እውነት አይደለም።

ድምፅ ምስጢር መሆኑንም ለልጆችዎ ይንገሯቸው። ባል ሚስቱን፣ አለቃ ሠራተኛውን፣ አባት ልጁን "አሳየኝ" ማለት አይችልም። ዓይናቸው የደከመ እናት ወይም አባት ካሉዎት ረዳት የሚመርጡት እነሱ ናቸው። ከመረጡዎት ወረቀቱ ላይ ምልክት የሚያደርጉት እነሱ እንዳሉት እንጂ እርስዎ እንደወደዱት አይደለም።

እስካሁን በሐሳብዎ የቤቱን ድምፅ ሲቆጥሩ ቆይተው ይሆናል። አባት፣ እናት፣ 18 ዓመት የሞላት ልጅ። ሦስት። ቡናውን ያፈላችውን ቆጥረዋታል? በብዙዎቻችን ቤት የምትሠራው ወጣት ከገጠር መጥታ፣ እኛው ጋ ዓመትና ሁለት ዓመት ኖራ፣ 18 ዓመት ሞልቷት ሳለ ስለ ምርጫ ማንም ጠይቋት አያውቅም። የዘይትና የሽንኩርት ዋጋ መናር ከማንም በፊት የሚደርሰው ለእሷ ነው፤ ገበያ የምትወጣው እሷ ናትና። ድምፅዋ ከእርስዎ ድምፅ ጋር እኩል ይቆጠራል።

ለማን እንደምትሰጥ አይንገሯት፤ አይጠይቋትም። የምዝገባው ቀን ሲደርስ የመኖሪያ ማስረጃ እንዳላት አይተው የጎደለውን ያሟሉላት፤ የምርጫው ዕለት ደግሞ ጠዋቱን ነፃ ያድርጓት። ምሳውን አንድ ቀን ሌላ ሰው ይሥራው።