ካርድ፣ መዝገብ፣ ማኅደር፦ ስለ ኤሌክትሮኒክ የሕክምና ማኅደር ስያሜና አጻጻፍ

አዲስ አሠራር ወደ አንድ ሙያ ሲገባ አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ይዞ ይገባል፤ ጽንሰ ሐሳቡ ትክክለኛ ስያሜ ካላገኘ አሠራሩም ይታወካል። የሕሙማንን ታሪክ በወረቀት ፈንታ በኮምፒዩተር መያዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዓመታት ከቱሌን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ስማርት ኬር የተባለውን ሥርዓት በመንግሥት ሆስፒታሎች ካስጀመረ ወዲህ አሠራሩ እየተስፋፋ ሄዷል። የአማርኛ ስያሜው ግን ገና አልጸናም። በዚህ ረገድ ሦስት ቃላት ለምርጫ ይቀርባሉ።

ካርድ፦ ከጎዛምን ወይም ከማቻከል ወደ ደብረ ማርቆስ ለሕክምና የሚመጣ ሰው አስቀድሞ «ካርድ ያወጣል»። በዚህ አነጋገር ካርድ ቁጥር የተጻፈበትን ትንሽ ወረቀትም፣ የሕመምተኛውን ሙሉ ዶሴም ያመለክታል። ይህ ስፋት ለዕለት ንግግር አያውክም፤ ለሙያ ቃል ግን ጉድለት ነው።

መዝገብ፦ በግዕዝ የሀብት ማከማቻ፣ ግምጃ ቤት ማለት ነው። በሆስፒታል ግን መዝገብ የሚባለው የብዙ ሕሙማን ስም በተራ የሚሰፍርበት ትልቅ ደብተር ነው፤ «የወሊድ መዝገብ» እንዲሉ።

ማኅደር፦ «ኀደረ» ካለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ትርጕሙ ማደሪያ ነው። የጎጃም የቅኔ ቤት ተማሪ ማኅደር ሲባል መጽሐፍ የሚከተትበትን የቆዳ መያዣ ያውቃል፤ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛም «የግል ማኅደር» ሲል የአንድን ሰው ልዩ ልዩ ወረቀቶች በአንድነት የያዘውን ነው። ለጽንሰ ሐሳባችን የሚስማማው ይህ ነው።

ስለዚህ ካርድ ለመታወቂያው፣ መዝገብ ለደብተሩ፣ ማኅደር ለአንድ ሕመምተኛ ሙሉ ታሪክ ቢወሰን ሦስቱም በየቦታቸው ይውላሉ። በአንድ ሆስፒታል ተወስኖ የሚቀረው «ኤሌክትሮኒክ የሕክምና ማኅደር»፣ ሰውየውን ከተቋም ወደ ተቋም የሚከተለው ደግሞ «ኤሌክትሮኒክ የጤና ማኅደር» ሊባል ይችላል። «የኤሌክትሮኒክ ሕክምና መዝገብ» ማለት ግን አይገባም፤ ኤሌክትሮኒክ የሆነው ሕክምናው ነው ያሰኛልና።

ይሁን እንጂ ማኅደር ሲፈለግ ካልተገኘ ስያሜው ብቻ አይበጅም። ቁጥሩን የያዘ ሕመምተኛ በቁጥሩ ይገኛል፤ ካርዱ የጠፋበት ግን በስሙ ይፈለጋል። ስሙ ዓለሙ፣ የአባቱ ስም ኃይሉ ነው እንበል። የመጀመሪያው ፊደል በአራት መንገድ (አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ)፣ የአባቱ ስም መነሻ ደግሞ በስድስት (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ) ሊጻፍ ይችላል፤ በጠቅላላው 24 አጻጻፍ ይሆናል። ለአንባቢ ሁሉም አንድ ሰው ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ሲካተት ግን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ስለ ተሰጠው፣ ለኮምፒዩተር 24 ሰዎች ናቸው። መዝጋቢው «አለሙ ሀይሉ» ብሎ ፈልጎ ቢያጣ አዲስ ማኅደር ይከፍታል፤ ፔኒሲሊን እንደማይስማማው የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ግን በአሮጌው ውስጥ ይቀራል። ያ ሰው መርፌውን ቢወጋ ስሕተቱ የፊደል መሆኑ ይቀርና የሕይወት ይሆናል።

በላቲን ፊደል መጻፍም አያድንም። «ፀ»ን አንዱ በሁለት ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል፤ «ጠ» እና «ተ» ደግሞ በአብዛኛው ሳይለዩ ይቀራሉ።

መፍትሔው ከፊደል ይቀነስ ወይስ አይቀነስ የሚለውን የቆየ ክርክር መጠበቅ የለበትም። ለእያንዳንዱ ስም ሁለት ቅርጽ ይያዝለት። አንዱ ባለቤቱ እንደ ጻፈው ሳይነካ የሚታይ «የማሳያ ቅርጽ» ነው። ሌላው ሞክሼ ሆሄያት ወደ አንድ ተጠቃለው በውስጥ የሚቀመጥ «የመፈለጊያ ቅርጽ» ነው። በዚህም የስሙ ክብር ይጠበቃል፤ ሰውየውም ከነታሪኩ ይገኛል። የትኛው ሆሄ ከየትኛው ጋር እንደሚጠቃለል የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ማዘጋጀት ግን የቋንቋ ባለሙያው ድርሻ ነው። ሥርዓቱ በየሆስፒታሉ ከመስፋፋቱ በፊት ሊያስረክበው ይገባል፤ ተደራራቢ ማኅደሮች ከተከማቹ በኋላ የማን የማን መሆኑን መለየት እጅግ አድካሚ ነውና።