የጠበቆች ማኅበርና የነጋዴው ጥቅም

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንችስ ሱቅ የሚከራይ ነጋዴም ሆነ ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚያስመጣ፣ ቡናና ሰሊጥም የሚልክ ሁሉ ያለ ውል መነገድ አይቻለውም። ውሉ ያከራከረ ዕለት የደከመበትን ሀብት በአንድ ጠበቃ እጅ ይጥላል። ሸቀጥን አገላብጦ መርምሮ የሚገዛ ነጋዴ፣ የጠበቃውን ዕውቀትና ታማኝነት በምን ሚዛን ይመዝነዋል?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 199 የጠበቆችን ፈቃድና ቁጥጥር ለፍትሕ ሚኒስቴር የሰጠ ነበር። በፈቃደኝነት የቆመ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቢኖርም፣ ጠበቃ ሁሉ አባል እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ አልነበረም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ግን የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቋመ፤ የፌዴራል ፈቃድ ያለው ጠበቃ ሁሉ አባል እንዲሆን ደነገገ፤ ጠበቆችም ተባብረው በጥብቅና ድርጅት እንዲሠሩ ፈቀደ።

በዚያው ዓመት አዲሱ የንግድ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 1243፣ የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ ሥርዓትም በአዋጅ ቁጥር 1237 ወጥተዋል። ስለዚህ በ1952ቱ የንግድ ሕግ የሠለጠነ ጠበቃ ዕውቀቱን ማደስ ግድ ሆኖበታል። አንድ ጠበቃ ብቻውን የማይችለውን ትምህርት ማኅበር በኅብረት ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ትርፉም ውሉን ለሚያስጽፈው ነጋዴ ይደርሳል።

ነገር ግን ማኅበር የአባላቱን ጥቅም ብቻ የጠበቀ እንደ ሆነ ሕዝብ ያዝንበታል። ይህን የንግድ ሰው በሚገባ ያውቀዋል፤ አንድ ላኪ ውሉን ቢያፈርስ የሚጐድፈው የላኪዎች ሁሉ ስም ነውና። በእንግሊዝ አገር ለጠበቆች የሚከራከረው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1825 የተመሠረተ ሲሆን፣ በ2007 ግን የቁጥጥሩ ሥራ ራሱን ለቻለ ክፍል ተለይቶ ተሰጠ። ለባልንጀራ መሟገትና በባልንጀራ ላይ መፍረድ በአንድ እጅ ለመያዝ የሚከብዱ ሥራዎች ናቸውና።

እንግዲህ ነጋዴውም ድርሻ አለው። ጠበቃ ከመያዙ አስቀድሞ የታደሰ ፈቃዱን ይጠይቅ፤ የአገልግሎቱን ዋጋና የሥራውን ወሰን በጽሑፍ ይዋዋል፤ ለከፈለው ገንዘብ ደረሰኝ ይቀበል፤ በደል ቢደርስበትም በየሱቁ ከማማት ይልቅ አቤቱታውን ማስረጃ አያይዞ ለሚመለከተው አካል ያቅርብ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደ ተባለው እንዳይሆን፣ ጠበቃን ከክርክር በኋላ ሳይሆን ከፊርማ በፊት ማማከር ይበጃል። የጠበቆች ማኅበር ሲጠነክር ውል ይከበራል፤ ውል ሲከበርም ንግድ ይሰፋል።